ደብረ ታቦርን ጽፎ ማጥፋት

እብናት፣ የከተማዋ ስም፣ ለኪቦርድ ፈተና የማትመች ቃል ናት። አራት ፊደል አላት፤ ከአራቱ ሦስቱ፣ እ፣ ብ እና ት፣ ሳድስ ናቸው። በድምፅ በሚጻፍ የአማርኛ ኪቦርድ ተነባቢውን ብቻ የነካ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሳድሱን ነው፤ አናባቢ ካላስከተለ ፊደሉ እንደዚያው ይቀራል። ስለዚህ እብናት ተብሎ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ የጻፈውን አጥፍቶ በሌላ የሚተካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ን ወደ ና ሲለወጥ። ደብረ ታቦር ግን አራት ጊዜ ያስለፋዋል። ድ ደ ይሆናል፣ ር ረ ይሆናል፣ ት ታ ይሆናል፣ ብ ቦ ይሆናል። መሐል ላይ ክፍት ቦታ አለ። ሳይለወጥ መቅረት ያለበት አንድ ብ እና መጨረሻ ላይ አንድ ር አለ። የተጠገነ ኪቦርድ በእርግጥ መጠገኑን ማየት የፈለገ ባለሙያ፣ እብናት ተወልዶ እብናት ያደገ ቢሆን እንኳ፣ የሚጽፈው ደብረ ታቦርን ነው።

እንዲህ ያለ ምርጫ የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸው ግን ከሶፍትዌር ሙያ ሁሉ ዝቅተኛው ተደርጎ ይታያል። ፕሮግራም ሲመሰገን የሚመሰገነው ኮዱን የጻፈው ነው። ብልሽት ሲስተካከልም ስሙ የሚነሳው ጠጋኙ ነው። ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መስመር ነው፤ ጎበዝ ፕሮግራመር ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ያ ጥቂት መስመር ከዋናው ኮድ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት፣ ፕሮግራመሮቹ እንደሚሉት መርጅ ከመደረጉ በፊት፣ ጠጋኙ በእጁ ነክቶት በማያውቅ ማሽን ላይ፣ ጠጋኙን በማያውቅ ሰው እጅ ይፈተናል። ፈተናው ጥሩ ከሆነ ጥበቡ ያለው እዚያ ነው።

ጉዳዩ እብናት ድረስ ይወርዳል። የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ውክልና፣ ሁሉም በጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ተጽፎ ይታተማል። ባለጉዳዩ ከጸሐፊው ጎን ቆሞ ስሙን ፊደል በፊደል ይናገራል፤ «ሃይሌ አይደለም፣ በብዙኃኑ ኃ ነው» ይላል። እውነት አለው። በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስም፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ያለውና በፋይዳ ቁጥሩ ላይ ያለው ካልተመሳሰሉ የሚመላለሰው እሱ ነው። ያ ጽሕፈት ቤት ያለው ዊንዶውስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ይሆናል። ልጁ በአንድሮይድ ስልክ ይጽፋል፤ ዋሽንግተን ያለች እህቱ በአይፎን ትመልሳለች፤ ባሕር ዳር የሚማረው ወንድሙ ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ ጭኖ ይሆናል። አራቱም ያንኑ ስም ይጽፋሉ። አራቱም ጋ ያንኑ ፊደል ማውጣት ያለበት ሶፍትዌር አራት የተለያዩ ቤቶች ውስጥ ይኖራል፤ የየቤቱ ሥርዓት ደግሞ ለየቅል ነው።

የግዕዝ ፊደል ወደ ማሽን የገባበት መንገድ ረጅም ነው፤ እዚህ ሁሉንም አልተርክም። አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ጭንቅ የቁልፍ ማነስ ነበር፤ ያን ሁሉ ፊደል የሚችል መኪና የለም። ኮምፒውተር ሲመጣ ቁልፉ በቃ፤ ችግሩ ስምምነት ማጣት ሆነ። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይወጣ እንደነበር የሚያስታውስ የቢሮ ሰው ብዙ ነው። ፓወር ግዕዝ የራሱ አሰፋፈር ነበረው፣ ሌላውም የራሱ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል አንድ ዓለም አቀፍ ቁጥር ሰጠው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ ፊደላችን ያለ ምንም ተጨማሪ ጭነት ስክሪን ላይ ይታይ ጀመር።

ማንበቡ በዚህ ተቃለለ፤ መጻፉ ግን ቀረ። ለዚህ ብዙ የደከሙ ሰዎች አሉ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፎች እንዴት መወከል እንደሚቻል ወሰነ፤ ዛሬ በድምፅ የምንጽፍባቸው ብዙ ኪቦርዶች የዚያ ዘሮች ናቸው። ዳንኤል ያዕቆብ የሚመሩት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሠራው የአማርኛ ኪቦርድ ደግሞ ኪማን በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ላይ ይሠራል። ኪማንን ማርክ ደርዲን እ.ኤ.አ. በ1993 ለላኦ ፊደል ብሎ የጀመረው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ተረከበው፤ በኋላም ኮዱ ለማንም ክፍት ሆነ። አሁን በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስ፣ በአንድሮይድ፣ በአይፎንና በድረ ገጽ ይሠራል። ለዚህ ጽሑፍ እሱን የመረጥኩት አሠራሩ ሁሉ በአደባባይ ስለሆነ ነው። ማን ምን እንደጠገነ፣ ማን በየትኛው ማሽን ላይ እንደፈተነ፣ ምን እንደወደቀ የፈለገ ሰው ገብቶ ያያል።

ኪማን ራሱ ፊደል አይጽፍም። ፊደሉን ገጹ ላይ የሚያሰፍረው ወርድ ነው፣ ወይም ቴሌግራም፣ ወይም ፋየርፎክስ። የኪማን ሥራ ማዘዝ ነው፦ ከጠቋሚው በስተኋላ ያለውን አንድ ፊደል አጥፋ፣ በቦታው ደን አስገባ። አንዳንዱ ፕሮግራም ከጠቋሚው በስተኋላ ምን እንዳለ ለጠየቀው ያሳያል፤ የታዘዘውንም ባንድ እርምጃ ይፈጽማል። አንዳንዱ ምንም አያሳይም። ለእንዲህ ያለው ኪማን የሰው ጣት መስሎ የማጥፊያውን ቁልፍ፣ ባክስፔስን፣ የተጫነ አስመስሎ ይልካል፤ ደን ከኋላው ያስከትላል። ተጠቃሚው ይህ ሁሉ ሲሆን አያውቅም። እሱ የሚያየው ድ የነበረው ደ መሆኑን ብቻ ነው፤ ያውም ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ።

ነገሩ ሲበላሽ የሚበላሽበት መልክ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ያነበበው ሰው በሽታውን ከስህተቱ ማወቅ ይችላል። ማጥፊያው ጭራሽ ካልደረሰ ድም ደም አብረው ይቀራሉ፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው «ድደብርረ ትታብቦር» ነው። ማጥፊያው ደርሶ ግን ከተቀደመ ውጤቱ ሌላ ነው። ማጥፊያው በአንድ መንገድ ይሄዳል፣ አዲሱ ፊደል በሌላ። ደ ቀድሞ ይደርስና ከድ አጠገብ ይቀመጣል፤ ዘግይቶ የመጣው ማጥፊያ ያገኘውን፣ ማለትም ደን፣ ይበላል። ድ ትቀራለች። ረም፣ ታም፣ ቦም እንዲሁ ይበላሉ፤ ስክሪኑ ላይ የሚቀረው «ድብር ትብር» ነው። ሁለቱም ለተጠቃሚው «አማርኛው ተበላሸ» ናቸው። ለጠጋኙ ግን የመጀመሪያው ትዕዛዝ ጠፍቷል፣ ሁለተኛው ትዕዛዝ ቅደም ተከተሉን ስቷል ማለት ነው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ሊኑክስ ላይ ይህ የቅደም ተከተል ጣጣ የኪማንን ሠሪዎች በእውነት ገጥሟቸዋል፤ በመጨረሻ ቁልፎቹ በተራቸው እንዲደርሱ የሚያደርግ፣ ከጀርባ ለብቻው የሚሮጥ አገልግሎት ጨምረዋል።

የኪማን ዋና ሞተር በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም አንድ ነው፤ አንድሮይድና አይፎን ደግሞ ለድረ ገጽ የተሠራውን ሞተር ይጋራሉ። በመሆኑም ሊኑክስ ላይ ላለ ሰው ተብሎ የተነካ መስመር ማክ ላይ ያለውን ሰው ሊያስለቅስ ይችላል። ጠጋኙ ማክ ላይኖረው ይችላል። ስለ አማርኛም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ድደብርረ ትታብቦርን ቢያየው ለእሱ የሚያምር ጽሑፍ ነው።

ለዚህ የኪማን ሠሪዎች ያበጁት ሥርዓት እንዲህ ነው። ጠጋኙ ለውጡን ለውህደት ሲያቀርብ፣ ፒአር ሲከፍት፣ ተጠቃሚ በእጁ እንዴት እንደሚፈትነው በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት። ለውጡ ለተጠቃሚ የማይታይ ከሆነም ፈተና እንደማያስፈልገው ራሱ በግልጽ ጽፎ ይወጣል፤ በዝምታ ማለፍ የለም። አንድ ሮቦት ጽሑፉን አንብቦ ፈተናዎቹን በስማቸው ይዘረዝራል፤ ሁሉንም «ክፍት» ብሎ ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ከዚያው ለውጥ የተሠራውን የሙከራ ስሪት ለየስርዓቱ የሚያወርዱበትን ማስፈንጠሪያ ከሥር ያስቀምጣል። ፈታኙ አውርዶ፣ ጭኖ፣ ሞክሮ «አልፏል»፣ «ወድቋል» ወይም «ታግዷል» ብሎ በየስሙ ይመልሳል። ያልተፈተነ ወይም የወደቀ እስካለ ድረስ ሮቦቱ የማለፊያ ምልክቱን አይሰጥም።

የራሴን ምሳሌ ልስጥ። ከላይ ላየነው ብልሽት የሚሆን አንድ ፈተና በአማርኛ ቢጻፍ ይህን ይመስላል። «ኡቡንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ የዚህን ፒአር ስሪት ጫን። የአማርኛውን ኪቦርድ ጨምር። ሊብረኦፊስ ራይተርን ክፈት። የእንግሊዝኛዎቹን ዲ፣ ኢ፣ ቢ፣ አር፣ ኢ፣ ስፔስ፣ ቲ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኦ፣ አር በዚሁ ቅደም ተከተል ንካ። ደብረ ታቦር መውጣት አለበት። ማጥፊያውን ስድስት ጊዜ ንካ። ደ ብቻ መቅረት አለባት። አንድ ጊዜ ድገም። ምንም መቅረት የለበትም።»

ሲያዩት ደረቅ ነው። ግን ቀስ ብለው ያንብቡት። የተነኩት ቁልፎች 11 ናቸው፤ የተያዘው ቦታ 7 ብቻ ነው። ትርፉ 4 ቁልፍ የት ገባ? በአራቱ ለውጦች ውስጥ። ማጥፋቱ ያልሠራ እንደሆነ ገጹ ላይ 11 ምልክት ይኖራል፤ 7 ጊዜ ቢያጠፉት አይጠራም። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ የተሰረዘውን ፊደል ከዓይን ይሰውረውና ከፋይሉ አያወጣውም፤ ደብረ ታቦር አምሮ ይታያል፣ ጉዱ የሚወጣው ሲያጠፉት ነው። ስድስት ጊዜ ብሎ መቆሙም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰባቱን ባንዴ ቢያስነካ፣ አንዱ ማጥፊያ ሁለት ፊደል በልቶ ቀጣዩ ባዶ ቢመታ፣ ገጹ በመጨረሻ ባዶ ነውና ማንም አያውቅም። በስድስተኛው ላይ ደ ቆማ መታየቷ ያንን በር ይዘጋል። ማጥፊያው ፊደሉን ከነአናባቢው በአንዴ በሚያነሳ ኪቦርድ ላይ ከዚህ የጠበቀ አጭር ፈተና መጻፍ ከባድ ነው። ቃላቱም ራሳቸው ተመርጠዋል፤ «በደንብ ጻፍና እይ» የሚል ነገር የለበትም። «በደንብ» ለአንዱ አንድ መስመር ነው፣ ለሌላው አንድ ገጽ።

ሌላ የጥሩ ፈተና ምልክት አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው። ፈተናው መጀመሪያ ጥገናው ባልገባበት በአሮጌው ስሪት ላይ ይሠራል፤ እዚያ ላይ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ፈተናው ብልሽቱን አላገኘውም ማለት ነውና፣ በአዲሱ ላይ ማለፉ ምንም አይነግረንም። እብናትን መርጦ የፈተነ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከአራት ፊደል አንድ ለውጥ፣ ያውም ቃሉ መሐል፤ ብልሽቱ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ፣ የቅደም ተከተል ብልሽት ደግሞ ጠባዩ ይኸው ነው፣ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ብቻ ብቅ ይላል፣ አሥር ጊዜ እብናት ብሎ ጽፎ ምንም ላያይ ይችላል። ደብረ ታቦር በአንድ ጽሑፍ አራት ዕድል ይሰጠዋል።

ከፈታኙ መልሶች ውስጥ የማከብረው «ታግዷል» የሚለውን ነው። ፈታኙ ስሪቱን ሊጭን ሲል ጫኚው እምቢ አለ እንበል፤ ወይም ስልኩ አርጅቶ ሶፍትዌሩ የሚደገፍበት የውስጥ ድረ ገጽ ማሳያ ኋላ ቀርቷል። ፈተናው አላለፈም፣ አልወደቀም፤ አልተደረገም። በብዙ ቢሮ እንዲህ ያለው ነገር «ምንም ችግር የለም» ተብሎ ያልፋል፤ አለቃ ይጠብቃል፣ ቀኑ ደርሷል። እዚህ ግን መፈተን እንዳልተቻለ መጻፍ ራሱ ውጤት ነው፤ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ በሩም እስኪፈታ ድረስ ዝግ ሆኖ ይቆያል።

ይህን አሠራር ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ፣ ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም ናት። የድጓ ማስመስከሪያ እሷ ናት፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አምባ። ድጓን ጎጃም ወይም ሸዋ የተማረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ጨረስኩ ቢልም ገና መምህር አይባልም። ቤተ ልሔም ሄዶ የተማረውን ያሰማል፤ ዜማው ይቃናል፣ ምልክቱ ይታረማል፤ ከዚያ ተመስክሮለት ወንበር ይዘረጋል። የቤተ ልሔም ጥቅም ጎበዝና ሰነፍ መለየት ብቻ አልነበረም። አንድ መምህር ተሳስቶ ያስተማረው ዜማ መቶ ተማሪ ውስጥ ይገባል፤ መቶው ወንበር ሲዘረጉ ስህተቱ አገር ይሆናል። ስህተቱ አንድ ሰው ጋ እያለ የሚያዝበት አንድ ቦታ ያስፈልግ ነበር። ሳይፈተን ከዋናው ኮድ ጋር የተቀላቀለ ጥገናም እንዲሁ በአፕዴት አማካይነት የሁሉም ይሆናል፤ መልሶ ማውጣቱ ከማስገባቱ አሥር እጥፍ ያደክማል።

ወደ ቃል ምርጫ ልመለስ፤ የፈታኙን ችሎታ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው እሱ ነው።

የተዋጣለት ፈታኝ ደብረ ታቦር ላይ አይቆምም። «ደብር» ብሎ ይጽፍና ጠቋሚውን በማውስ ብ እና ር መካከል አስቀምጦ ኦን ይነካል። ምን መውጣት አለበት? ከጠቋሚው በስተኋላ ያለውን የሚያሳይ ፕሮግራም ከሆነ ኪማን ብን አይቶ ቦ ያደርጋታል፤ «ደቦር» ይወጣል። የማያሳይ ፕሮግራም ከሆነ ኪማን ጠቋሚው መንቀሳቀሱን እንጂ የት እንዳረፈ አያውቅም፤ ስለዚህ ኦ ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ «ደብኦር»። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ በየቤታቸው። ተራ ፈታኝ ሁለተኛውን አይቶ «ወድቋል» ይላል፣ ጠጋኙም የሌለ ብልሽት ሲፈልግ ይከርማል። ጥሩ የፈተና ጽሑፍ ግን በየትኛው ፕሮግራም የትኛው እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ያስቀምጣል።

የጉራጌ ቋንቋዎች ፊደላትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ አጻጻፍ የሚያገለግሉ 28 ፊደላት ጨመረ፤ ነባሩ የግዕዝ ሠፈር ሞልቶ ስለነበር የተሰጣቸው ቁጥር ርቆ የሄደ ነው። ውጤቱ ይህ ነው፦ ዊንዶውስ፣ አንድሮይድና ድረ ገጾች ጽሑፍን በሚያስቀምጡበት ዘዴ የአማርኛ ፊደል አንድ ክፍል ይይዛል፣ እነዚህ ፊደላት ግን ሁለት ክፍል። «አንድ አጥፋ» የሚለው ትዕዛዝ አንድ ፊደል ማለት ነው ወይስ አንድ ክፍል? ጠጋኙ ይህን ካምታታ አማርኛው ሁሉ ያልፋል፤ የጉራጌው ፊደል ግን ወገቡ ላይ ይቆረጥና ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ይቀራል። በአማርኛ ብቻ መፈተን እዚህ ላይ አይበቃም። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ፈተናው ላይ አንድ የጉራጌ ፊደል የሚጨምር ሰው ማሽኑን ብቻ ሳይሆን የሚጽፉበትንም ሰዎች ያስባል ማለት ነው።

ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ የሚኖር ሀበሻ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዜድ እና ዋይ ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ። ኪማን ዊንዶውስ ላይ ተጠቃሚው የያዘው የትኛውን አገር ኪቦርድ እንደሆነ የሚያስመርጥበት ቦታ አለው፤ ያ ቦታ የተነካ ጥገና ሲመጣ የአሜሪካ ኪቦርድ ላይ ደብረ ታቦርን ሺህ ጊዜ መጻፍ ከንቱ ነው፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ዘም የም የለም። የሚጻፈው አዲስ ዘመን ነው። ጥገናው ከሠራ አዲስ ዘመን ይወጣል። ካልሠራ የእብናት ጎረቤት የሆነችው ከተማ «አዲስ የመን» ሆና ትወጣለች።

ይህን ሁሉ ማሽን ለምን አይፈትነውም የሚል አይጠፋም። ይፈትናል። ኪማን ሰው ሳይነካቸው የሚሮጡ ብዙ ፈተናዎች አሉት፤ ለውጥ በመጣ ቁጥር ይሮጣሉ፣ ያለ እነሱ ሥራው አይታሰብም። ችግሩ የሚያዩት እስከ ትዕዛዙ ድረስ መሆኑ ነው። ሞተሩ «አንድ አጥፋ፣ ደን አስገባ» ማለቱን ያረጋግጣሉ። ወርድ ሰምቶ እንደሆነ፣ ቴሌግራም ዘግይቶ እንደሆነ፣ የአንድ አሮጌ ስልክ ስክሪን ላይ ደ ብልጭ ብላ ጠፍታ እንደሆነ የሚያየው ዓይን ነው። ያውም ፊደሉን የሚያውቅ ዓይን። ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ እኛ ጎድለናል እላለሁ። አማርኛ የሚጽፈው ሰው በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ብልሽት ሲያይ የሚያደርገው ግን ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ነው፣ ካልሆነ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሰላም ነው» ብሎ መላክ። የአገር ውስጥ ሶፍትዌርም ቢሆን ከዚህ አይሻልም፤ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስ የሙያው የመጨረሻ ቃል ተደርጎ ተወስዷል። እሱ ጋ ይሠራል፣ አዎ። እሱ ጋ አዲስ ላፕቶፕ አለ፣ ያልተቆራረጠ መብራት አለ፣ ስሙም በሳድስ ያልቃል።

ኪማን ላይ ያለው ሥርዓት ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። ፈተናው ሲበዛ ጥገናው ይዘገያል፤ ሁለት መስመር ለመለወጥ ሦስት ስርዓት ላይ አሥር ፈተና ሲጠበቅ የሚያይ ሰው ይሰለቻል። ሁሉም የፈተና ጽሑፍም ከላይ እንዳልኩት የተጣራ አይደለም፤ ጥድፊያ የሚታይባቸው አሉ። ቢሆንም ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ የሊኑክስ ብልሽት የተጻፈን ፈተና ዛሬ ከፍቶ፣ ያንኑ ቁልፍ ነክቶ፣ ያንኑ ፊደል መጠበቅ ይቻላል። በየቢሮአችን ከተሠሩት ስርዓቶች ስንቶቹ ይህን ያስችላሉ?

አንባቢ ሆይ፣ ስልክዎ ላይ ወይም ጽሕፈት ቤትዎ ባለው ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ሲዛባ ካዩ ዝም ብለው አይለፉት፤ የሚጠቀሙበት ኪቦርድ ሠሪ ማንም ይሁን፣ ይጻፉለት። የስልኩን ወይም የኮምፒውተሩን ዓይነት፣ የስርዓቱን ቁጥር፣ የኪቦርዱን ስምና ስሪት፣ ሲጽፉ የነበሩበትን ፕሮግራም ያስቀምጡ። የነኳቸውን ቁልፎች በቅደም ተከተላቸው ይጻፉ፤ የጠበቁትን፣ ከዚያ የወጣውን። የወጣውን ግን በእጅዎ አስተካክለው አይጻፉት፤ ከስክሪኑ ኮፒ አድርገው እንዳለ ይለጥፉት። «ድብር ትብር» ከወጣ «ድብር ትብር» ብለው ይላኩ።